የሁለት ጊደር ካሜራ

በኒዬቬስ ኮዮሪ ፎቶዎች ውስጥ ቡጢ የለም። የወደቀ ሰው ግን ሞልቷል። ጭቃ ላይ የተዘረረ፣ ባርኔጣውን የሚፈልግ፣ ደም የሚተፋ፣ በአራት እግሩ የሚድህ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየገናው በሳንቶ ቶማስ የኮርማ ሜዳ ቆማ ስታነሣ፣ ቡጢ ፊት ላይ ሲያርፍ አንድም ጊዜ አላገኘችም። እጇ ሰንፎ አይደለም። ኪስ ውስጥ የምትገባው ትንሽዬ ካሜራዋ ቁልፏን ከተጫኗት በኋላ ጥቂት ታስባለች፤ ታስብ ታስብና ቀጭ ትላለች። ያን ጊዜ መቺው እጁን ሰብስቧል፣ ተመቺው መሬት ደርሷል።

ሳንቶ ቶማስ ባለችበት በቹምቢቪልካስ አውራጃ ደግሞ ሰው ፎቶ የሚገዛው ለቡጢው ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ነገር፣ የተገፋ ድንበር፣ የተነጠቀ ባል፣ የጠፋ በግ፣ በገና ቀን በሕዝብ ፊት በእጅ ይፈታል። ባለ ነገሩ ክቡ መሃል ገብቶ የባላንጣውን ስም ከነአባት ስሙ ይጠራል፤ የተጠራው «አለሁ!» ብሎ ይወጣል። ተቃቅፈው ይጀምራሉ፣ ተቃቅፈው ይጨርሳሉ። ከሁለተኛው እቅፍ በኋላ ያን ነገር መልሶ የሚያነሣ ሰው ነውረኛ ነው፤ የተሰበረ አጥንት እንኳ ቢኖር አጥንቱ ይጠገናል እንጂ ነገሩ አይነሣም። እንግዲህ ያሸነፈ ሰው የእጁን ሥራ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ማየት ይፈልጋል። የወደቀ ሰው ፎቶ ማን ይገዛል? ጠላት ካልገዛው በቀር።

አምና ጠላት ገዛ። ዮቫና ታይፔ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ምግብ የምታበስል ሴት ናት። አምና በገና ወድቃ፣ አፍንጫዋ ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ፣ ቀሚሷ እስከ ጭኗ ተገልቦ ኒዬቬስ አነሣቻት። ፎቶውን ከሌሎቹ ጋር ገበያው መሃል በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ ቀለሙ አምሮ ስለወጣላት ነው። አራት ኮፒ ተሸጠ። ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ዮቫና ድስት ተሸክማ ባለፈች ቁጥር እየተሳሳቁ በአፍንጫቸው መሬት ላይ ይደፉ ጀመር፤ ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በምሳ ሰዓት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ኒዬቬስ በየካቲት ረስታዋለች።

ያልረሳላት ሌላም ሰው ነበር። የክቡ ዳኛ ዶን ካሲያኖ ከሦስት ወር በፊት ገበያ ውስጥ አስቁሟት፣ የሚታወቅበትን የቆዳ አለንጋ እንደ ሁልጊዜው ትከሻው ላይ ጥሎ፣ «ስሚ አንቺ» ብሏታል። «ሰው እዚህ አገር ገናን የሚጠብቀው ቆሞ ሊታይ ነው። አንቺ የምታሳዪን ግን ሬሳ ብቻ ነው። ዘንድሮም ቡጢ ሳታመጪ ብትቀሪ፣ ሁለተኛ ክቡ ውስጥ አትገቢም። ከአጥር ውጭ ከቺቻ ጠላ ሻጮቹ ጋር ቆመሽ ጀርባ ታነሻለሽ።»

ከክቡ መባረር ማለት ለኒዬቬስ ከእንጀራ መባረር ነው። የመታወቂያ ፎቶ ጨው አይገዛም። ስለዚህ ሌላ ካሜራ ለመግዛት እናታቸው ትታላቸው የሞተችው ሁለት ጊደር ተሸጠ፤ አንዷ የኒዬቬስ፣ አንዷ የታናሽ እህቷ የሩፊና። ሩፊና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷም እጇም አይታገሥም። የጊደሯን ገመድ ለነጋዴው ስታስረክብ አላለቀሰችም።

«ወተት ልትሰጠኝ ነበር ይቺ» አለች። «ካሜራሽ ቢያንስ ደም ይስጠኝ።»

ሁለቱ ጊደሮች አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሶል አወጡ። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም የለም።

የገና ዕለት ጧት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለቱ እህትማማቾች የኒዬቬስ የክርስትና አባት፣ ሁለቱም «ፓድሪኖ» የሚሉት ኤርሞሄነስ ቤት ገቡ። ኤርሞሄነስ የአገሩ ፎቶ አንሺ ነበር፤ አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውን ትቷል። የበግ ጭንቅላት ሾርባውን ገፋ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

አንደኛው ከሳጥኑ ከወጣ ዓመት አይሞላውም። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ላይ ሰፊ ስክሪን አለው፤ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል ቅርቡን ያርቃል። አሥራ አራት ሜጋፒክስል። ሁለተኛው ማዕዘኖቹ ተልጠው ብረቱ ታይቷል። ከባድ ነው፣ ስምንት ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ሌንሱ ደግሞ አጭር ድፍን ነገር፣ ማቅረብም ማራቅም አያውቅም።

«ዋጋቸው?» አለች ኒዬቬስ።

«አንድ ነው። ሺህ ሦስት መቶ፣ ሺህ ሦስት መቶ።»

«ይሄኛው?» ሩፊና አሮጌውን በአንድ ጣቷ ነካችው። «ፓድሪኖ፣ ይሄ እኮ ከርስዎ ጋር አብሮ የተጠመቀ ነው!»

«ዕድሜውን ተይውና ዓይኑን እዪው፣ አንቺ ባለጌ። ይሄ ሌንስ በደመናም ያያል። ያኛው ፀሐይ ከሌለ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጭስ ይሆንበታል።»

«ታዲያ አዲሱን ለምን በአንድ ዋጋ ይሸጡታል?» አለች ኒዬቬስ።

«ሰው ቁጥር ነዋ የሚገዛው። አሥራ አራት ከስምንት እንደሚበልጥ በግ እንኳ ያውቃል።» ኤርሞሄነስ አሮጌውን አንሥቶ እጇ ላይ ጣለላት። «አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። የለመድሽው መጫወቻ ዓይነት አይደለም ይሄ። በቀዳዳው ነው የምታዪው፤ ውስጡ መስታወት አለ። ስትጫኚ መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ለዚያች ቅጽበት ዓይንሽ ይጨልማል። ያየሽው አይቀረጽም፣ የተቀረጸውን አታዪውም። ስለዚህ ሌላውን ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። በአንዱ ሥሪ፣ በሌላው እዪ።»

«ሁለቱም እንዲህ ናቸው?»

«ሁለቱም። አዲሱን በስክሪኑም ማየት ትችያለሽ፤ ግን ያን ጊዜ እንደ ትንሿ ካሜራሽ ማሰብ ይጀምራል።»

ኒዬቬስ አንዱን አነሣች፣ መለሰች፣ ሌላውን አነሣች። አንድ ጊዜ ብቻ የምትከፍለው ገንዘብ ነው፤ ከተሳሳተች ጊደር አይመለስም።

«አንቺ ደግሞ ስታማርጪ ስታማርጪ ድመት ልታገቢ ነው እንዴ?» አለች ሩፊና። «አዲሱን ውሰጂና እንሂድ፣ ሜዳው ሞልቷል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ኤርሞሄነስ። «ደግሞ የኔን አፍ አትመኑት፣ የሻጭ አፍ ነው። ሁለቱንም ተሸክመሽ ክቡ ውስጥ ግቢ። ቡጢውን የሰጠሽን ውሰጂ። ሳይጨልም ግን ምርጫሽን ንገሪኝ፤ የቀረውን ከኤስፒናር የመጣው ገዢ ይዞት ይሄዳል።»

ሜዳው ላይ ሕዝቡ እስከ ግንቡ ጫፍ ጢም ብሎ ነበር። ሴቶቹ የገናውን የዋይሊያ ዘፈን በዚያ በሚወጋ ቀጭን ድምፃቸው ይለቁታል፤ የሱፍ ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች በሴት ድምፅ እየጮኹ ይሰዳደባሉ፤ የሸንኮራ አረቄ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ተራራውን ውጦታል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ክቡን አቡክቶታል። ኒዬቬስ አንዱን ካሜራ በቀኝ ሌላውን በግራ ትከሻዋ አንግታ መሃል ገባች።

በመጀመሪያ አዲሱን ሞከረች። ሁለት ከብት ነጋዴዎች ነበሩ፣ እጃቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ። ሌንሱን አዞረችና ሰዎቹ አፍንጫዋ ሥር መጡላት። ወፍራሙ ሰውዬ ቀጭኑን አገጩ ላይ ሲያሳርፍበት ተጫነች፤ ካሜራውም ምንም ሳያስብ እሺ አላት። ኒዬቬስ በደስታ ጮኸች። ቀጭኑ ሰውዬ ጥርሱን በመዳፉ ተፍቶ ይቆጥራል። እሷ ስክሪኑን አየች፤ ፊቱ አለ፣ ቡጢው ግን የለም። ከክርኑ በታች የሰውዬው እጅ ጭስ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ እናቱ አትለየውም። ደግማ ሞከረች፣ ሠለሰች። ሁሉም ጭስ።

አሮጌውን አወጣች። አሮጌው የሱፉን ክር ሳይቀር ለቅሞ ያወጣል፤ ግን ተደባዳቢዎቹ ጥቂት ሲርቁ ምስር ያክላሉ። ለማቅረብ ያለው በእግር መሄድ ብቻ ነው። ስትጠጋ የአንዱ ባለጭምብል እርግጫ ታፋዋ ላይ አረፈ፤ የዶን ካሲያኖ አለንጋ ደግሞ ባቷን ገረፋት። «ከእግራችን ሥር ውጪ!» አምስት ፎቶ በተከታታይ ካነሣች በኋላም ካሜራው ቆሞ ያመነዥካል፤ እሱ እስኪያመነዥክ አንድ ሰው አፍንጫው ተሰብሮ ባርኔጣውን በደም ሞላው። አሥራ አንድ ድብድብ አለፈ። ሰው ወደቀ፣ ተነሣ፣ ተቃቀፈ። ኒዬቬስ እጅ ላይ ከጭስና ከምስር በቀር ምንም የለም፤ ቀኑ ደግሞ መምሸት ጀምሯል።

ያኔ ነው ዮቫና ታይፔ ወደ መሃል የገባችው። ጉንጉን ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፣ መዳፏን በቀይ መቀነት ጠቅልላለች። ዙሪያውን አላየችም።

«ኒዬቬስ ኮዮሪ!»

የሕዝቡ ጩኸት እንደ ገደል ተናደ። ኒዬቬስ መጀመሪያ ፎቶ አንሺኝ ያለቻት መስሏት ካሜራውን ከፍ አደረገች። ከግንቡ ላይ አንድ ሰው «ራስሽን ነው የጠራችሽ፣ አንቺ ደነዝ!» ብሎ ሲጮህ ነው የገባት። እምቢ ማለት ይቻላል፤ እምቢ ያለ ሰው ግን አገር ቢቀይር ይሻለዋል። ሁለቱን ካሜራ ለሩፊና አንገት ላይ አጠለቀችላት።

«አለሁ» አለች።

«ለምን ጠራሻት?» አለ ዶን ካሲያኖ እንደ ደንቡ።

«ለፎቶው» አለች ዮቫና። «ሦስት መቶ ቀን እየወደቅሁ ነው። አንድ ቀን እሷ ትውደቅ።»

ተቃቀፉ። ዮቫና ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸት ነበር። ተላቀቁና ገና እጇን ሳታነሣ የመጀመሪያው እርግጫ የኒዬቬስን ቅልጥም አገኘው፤ ሕመሙ እስከ ጥርሷ ወጣ። ኒዬቬስ በጭፍን ወረወረች፤ ጆሮ ይሁን አንገት የማታውቀው ነገር ላይ አረፈላት። ዮቫና ንቅንቅ አላለችም። ዓመቱን ሙሉ ድስት የተሸከመ ክንድ ነው። ሁለት ጊዜ ሆዷን፣ አንድ ጊዜ ከንፈሯን። ኒዬቬስ የራሷን ደም ዋጠች። ሰባት ዓመት ሙሉ በቅርብ ስታየው ይሄ ነገር እንዲህ ፈጣን አይመስላትም ነበር። እጇን ፊቷ ላይ ልታመጣ ስትል ቀዩ መቀነት ታያት፣ ከዚያ በቀኝ ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ፈነዳ።

ስትነቃ አፏ ጭቃ ነው። ግንቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ዘርግቶባታል። አለንጋው በሁለቱ መሃል አየሩን ሰንጥቆ፣ «በቃ! የወደቀ አይመታም!» አለ ዶን ካሲያኖ። ዮቫና ራሷ በብብቷ ይዛ አነሣቻትና አቀፈቻት።

«አለቀ» አለች ጆሮዋ ሥር፤ ታለቅስ ነበር። «ከኔ ወገን አለቀ። አንቺም ቅመሺው ብዬ ነው እንጂ ልገድልሽ አይደለም።»

«አለቀ» አለች ኒዬቬስ፤ ከልቧ ነው። እውነቱን ለመናገር እፎይ ብላለች። ቀኝ ዓይኗ ግን አብጦ ተከድኗል፤ በጣቷ ብትከፍተውም ከደም በቀር አያይም። የምታነሣበት ዓይኗ ነው።

ሩፊና ካሜራዎቹን መለሰችላት። ፊቷ ቀልቷል፤ አረቄው አለ፣ ከአረቄው የባሰም ነገር አለ። የእህቷን ዓይን ትክ ብላ አየችው።

«ደህና ነኝ ሩፊ። ተይው።»

«ምኑን ነው የምተወው? እንቁላል አስመስላሽ!»

ኒዬቬስ አላዋራቻትም። አሮጌውን ካሜራ በግራ ዓይኗ ትሞክረው ነበር፤ አፍንጫዋ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፣ ግን ይታያል። ሌንሱን አስተካክላ ቀና ስትል እህቷ አጠገቧ የለችም።

«ትሪኒዳድ ታይፔ!»

ክቡ መሃል ቆማ ነው የጠራችው፤ ገና መቀነቷን እየጠቀለለች። ትሪኒዳድ የዮቫና ታላቅ እህት ናት፤ ገበያ ውስጥ በግ የምትበልት፣ ሁለት ሰው የምታክል ሴት።

ሕዝቡ ጮኸባት። «ነውር ነው! ተቃቅፈዋል!» «ተዘግቷል፣ ውጪ!» አንድ ሰው የብርቱካን ልጣጭ ወረወረባት። ትሪኒዳድ ግን ሻርፗን ጣለችና «አለሁ» እያለች በሳቅ ወጣች።

«እኔ እኮ በግ ነው የማርደው፣ ጫጩት አይደለም» አለች። «ማን ይነጭልኛል የዚችን ላባ?»

«ላባዬ ጉሮሮሽ ውስጥ ሲገባ ትነጪዋለሽ!» አለች ሩፊና።

ሳቅና ጩኸት ተደባለቀ። ዶን ካሲያኖ ግን አልሳቀም፤ አለንጋውን በሁለቱ መሃል ዘረጋ። «የማን ነገር ነው ይሄ?»

«የእህቴ ዓይን።»

«የእህትሽ ነገር በእቅፍ ተዘግቷል።» ከዚያ ዞረና አለንጋውን ወደ ኒዬቬስ ቀሰረ። «ባለ ነገሯ አንቺ ነሽ። ተዘግቷል ካልሽ እህትሽን በጉንጉኗ ጎትቼ አወጣታለሁ። ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?»

ኒዬቬስ ካሜራውን ከዓይኗ አላወረደችም ነበር። ዳኛው ወደ እሷ ሲዞር ጣቷ በራሱ ተጫነ፤ ቀኝ ዓይኗ ስለተከደነ ዓለም ሁሉ ባንዴ ድርግም አለ። ሲበራ ዶን ካሲያኖ እዚያው ነው፤ ይጠብቃል።

አንድ ቃል ነበር። ተዘግቷል። ደቂቃ አልሞላውም ለዮቫና ካለችው። ግን ቀኑ ሊያልቅ ነው፤ ኤርሞሄነስ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ ሁለት ጊደር ጉያዋ ውስጥ ነው፤ ቡጢ የለም። ደግሞ ትሪኒዳድና ሩፊና ከእሷ አምስት እርምጃ ላይ ናቸው፤ ለአሮጌው ሌንስ ልክ በሚሆን ርቀት። ኒዬቬስ ያን ድብድብ ፈለገችው። እህቷ እንድትመታ አይደለም፤ ሩፊና ፈጣን ናት፣ ትመታለች እንጂ ቡጢ አያገኛትም ብላ ራሷን ደለለች። ፈለገችው ግን። አፏን ዘጋች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ዝም ካለች አልተዘጋም» አለ ዶን ካሲያኖ፤ ምራቁን ተፋና አለንጋውን አነሣ።

ሩፊና እንደ ውሻ ገባች። ሦስት እርግጫ አከታትላ ትሪኒዳድን በጉልበቷ አንበረከከቻት፤ ስትነሣ ከንፈሯን ከፈለችው። ሰድበው ሊያስወጧት የነበሩት አሁን ስሟን ይዘፍናሉ። ኒዬቬስ በጭቃው ውስጥ አብራ ትዞራለች። አሮጌው ካሜራ አምስት ብቻ ነው የሚሰጣት፤ አንዱን ለካሲያኖ አባክናለች። ጣቷን ቆጠበች። ትሪኒዳድ ደሟን በክንዷ ጠርጋ አየችው፤ መሳቋን ተወች። ሩፊና ደግማ ገባች፣ ጡቷን መታቻት፣ ወጣች። በሳቅ ዘወር ብላ እህቷን ፈለገች፤ ይሄን አነሣሽው ወይ ለማለት ነው።

ኒዬቬስ ከልጅነቷ ጀምሮ ከትሪኒዳድ መደብ ሥጋ ገዝታለች። ትሪኒዳድ ግራኝ ናት፤ መጥረቢያው ከመውረዱ በፊት የግራ ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያ ትከሻ ዝቅ ሲል በቀዳዳው አየችው። «ሩፊ፣ በግራ!» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። ለመናገር ጊዜ ነበራት፤ ኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃ አረጋግጣለች፣ ጊዜ ነበራት። አፏ አልተከፈተም። ጣቷ ተጫነ።

ጨለመ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ድምፅ ሰማች፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ። ሲበራ ቀዳዳው ውስጥ ሰው የለም። ካሜራውን ስታወርድ ሩፊና በጎኗ ወድቃለች፤ አገጯ ያለበት ቦታ አይደለም። ትሪኒዳድ እጇን እያራገፈች «ወይኔ፣ ወይኔ፣ ማሪያም ድረሽ!» ትላለች። አለንጋው ዝም ብሏል፤ ማንንም መከልከል አያስፈልግም ነበር።

እቅፉን ትሪኒዳድ ብቻዋን ፈጸመችው፤ ጭቃ ላይ ተንበርክካ ሩፊናን ደረቷ ላይ ይዛ። ሩፊና ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል፣ ደምና ምራቅ አንገቷ ላይ ይወርዳል። አራት ሰው ተሸክሟት ወደ ጤና ኬላው ሮጠ። ኒዬቬስ ልትከተል ስትል አንድ ሰው ክንዷን ያዘ።

«ወጣልሽ? እስቲ አሳዪን!»

ከበቧት። ሳታስበው ቁልፉን ተጫነችና ትንሿ ስክሪን በራች። ወጥቷል። ሰባት ዓመት ያጣችው ነገር ሁሉ እዚያ አለ፤ ቡጢው እስከ አንጓው ጥርት ብሎ ጉንጭ ውስጥ ገብቷል፣ መንጋጋው ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ የምራቅ ጠብታ አየር ላይ ቆሟል፣ የሩፊና ባርኔጣ ከራሷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። የሩፊና ዓይን ግን ክፍት ነው፤ ትሪኒዳድን አይደለም የሚያየው፣ ሌንሱን ነው። ገና እየሳቀች ነው።

«እግዜር ያሳይሽ!» አሉ። «ይሄ ነው ፎቶ!» ትሪኒዳድን እየጠሩ አምጥተው አሳዩዋት፤ እሷ አየችውና ፊቷን አዞረች። ዶን ካሲያኖም መጣ፤ ረጅም ጊዜ አየ።

«ለሚመጣው ዓመትም ግቢ» አላት። ድምፁ ውስጥ ምርቃት አልነበረም።

ዮቫና ብቻ ስክሪኑን አላየችም፤ ከዳር ቆማ የኒዬቬስን ፊት ነው የምታየው። «ስትጠየቂ ዓይንሽ ታሞ መስሎኝ ነበር ዝም ያልሽው» አለች ቀስ ብላ። «ሌንስ ታስተካክዪ ነበር ለካ።»

ኤርሞሄነስ በምርኩዙ ከግንቡ ወረደ። የትኛው ብሎ አልጠየቃትም። ኒዬቬስ አዲሱን ካሜራ ከትከሻዋ አውልቃ ሰጠችው፣ ከጉያዋ ጥቅሉን ገንዘብ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠች። የሚንቀጠቀጥ እጁ ሳይቆጥረው ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሂጂ አሁን» አላት። «እህትሽ ጋ ሂጂ።»

ጤና ኬላው ውስጥ ሩፊናን ግድግዳው ጋ ባለው አልጋ አስተኝተዋታል። ነርሷ መንጋጋዋ ሁለት ቦታ እንደተሰበረ፣ ጧት በመኪና ወደ ኩስኮ ሆስፒታል እንደምትወሰድ፣ ጥርሷ በሽቦ ታስሮ ሁለት ወር ሾርባ ብቻ በቀጭን ቱቦ እንደምትመጥ ነገረቻቸው። ፋሻው ከአገጯ ሥር ዞሮ አናቷ ላይ እንደ ሙሽራ ተቋጥሯል። መርፌው ሕመሙን አስታግሶላታል፤ ዓይኗ ንቁ ነው። ኒዬቬስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘች፤ አለቀሰች፤ በአንድ ዓይኗ። ሩፊና ጉንጯን በጣቷ ጠረገችላት።

ከዚያ ወደ ካሜራው ጠቆመች።

«ይቆይ ሩፊ። ኋላ።»

ሩፊና መዳፏን እንደዘረጋች ቀረች። የጊደሯ ግማሽ ነው፤ ማየት መብቷ ነው። ኒዬቬስ ሰጠቻት። ሩፊና የራሷን ፊት ስታይ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም አፍንጫዋ ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር አሰማች፣ አመማትና ተወችው። አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ ለእህቷ አሳየች። ጎበዝ ማለቷ ነው። ያ አውራ ጣት ከዮቫና ቡጢ ሁሉ የበለጠ ኒዬቬስን መታት፤ ካሜራውን ልትቀበላት እጇን ሰደደች።

ሩፊና ግን ቁልፉን ወደ ኋላ ተጭና ነበር። ከቡጢው በፊት የተነሣው ፎቶ ወጣ። ዶን ካሲያኖ ነው፤ አለንጋው ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ ተቀስሯል፣ አፉ ለጥያቄ ተከፍቷል። ከኋላው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብላ፣ ሩፊና ራሷ መቀነቷን እየጠቀለለች ወደ እህቷ ታያለች። እንደ ኒዬቬስ ዝምታ ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ሩፊና ጥያቄውን ሰምታለች፤ እህቷ ዝም ማለቷንም ሰምታለች፤ የእህቷን አፍ ደም ሞልቶት፣ ዓይኗ አሟት ይሆናል ብላ ነበር የገባችው። ፎቶው ግን እህቷ ያን ጊዜ እንኳ ስታነሣ እንደነበር ይናገራል። ወደ ፊት ተጫነች፣ ቡጢው ወጣ። ወደ ኋላ ተጫነች፣ ካሲያኖ ወጣ። ሁለቱን ሦስት ጊዜ አመላለሰቻቸው።

«ሩፊ» አለች ኒዬቬስ። «ሩፊዬ፣ ልንገርሽ…»

ሩፊና ካሜራውን ብርድ ልብሱ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። እጇን ከእህቷ እጅ አወጣች። ነርሷ አትናገሪ ብላታለች፤ ቃሉ ሲወጣ ፋሻው በደም ራሰ፤ ግን ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ የጎን አልጋው ሰው እስኪሰማ ድረስ አወጣችው።

«ኒዬቬስ… ኮዮሪ።»

ከተወለደች ጀምሮ እህቷን ከነአባት ስሟ ጠርታት አታውቅም። የሁለቱም አባት አንድ ነው። ሩፊና ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች።

«አለሁ» አለች ኒዬቬስ።

«ለከርሞ ገና» አለች ሩፊና፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።